የቆላውን ውኃ ማን ይቁጠር?

ርእሰ አንቀጽ

ሰሞኑን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የመረጡትን ርእስ ለየክፍላቸው የሚያስመዘግቡበት ጊዜ ነው። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ቆሞ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ውኃን ከሚመለከቱት ርእሶች የሚበዙት ስለ ዓባይ፥ ስለ ጣናና ስለ አዋሽ የተጻፉ ናቸው። ገናሌን፥ ዳዋን ወይም ዌይብን የሚጠራ ርእስ ለማግኘት ግን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ዓመት አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበት ነበር። በየዓመቱ የሚደገም ልማድ ስለ ሆነ ግን ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ዓባይ አይጠና የሚል አሳብ የለንም። ዓባይ ገና ብዙ ይጠናል፤ መጠናትም ይገባዋል። ነገር ግን አንዱ ወንዝ አሥር ጊዜ ሲመረመር ሌላው በሚገባ እንኳ ካልተለካ፥ ተመራማሪው የሚሄደው ችግሩ ወዳለበት ሳይሆን መረጃው ወደ ተከማቸበት ነው ማለት ነው። ለዓባይ መረጃ የተከማቸለት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ ባካሄደው ሰፊ ጥናት ብዙ የመለኪያ ጣቢያዎች በተፋሰሱ ውስጥ ተተከሉ። መዝገቡ ስላለ ተማሪው ወደዚያ ይሄዳል፤ ተማሪው ስለ ሄደ መዝገቡ ይጨምራል። ላለው ይጨመርለታል እንደ ተባለው መሆኑ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ወንዙን እያየ ለተጠማው ሰው ነበር፤ ዛሬ ይህ ተረት ከማንም ይልቅ የሚገባው ለገናሌና ለዳዋ ልጅ ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንናገር። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በአዶላ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነጌሌ ቦረና የደረሰ ሰው በደጋና በቆላ መካከል ቆሟል። ወደ ሰሜን ቢመለከት የባሌ ተራሮች አሉ፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢወርድ በፊልቱ አልፎ ዶሎ አዶ ይደርሳል፤ በዚያ የምድሩ ከፍታ 200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገናሌና ዳዋ በዶሎ አጠገብ ይገናኛሉ፤ ዌይብም በዚያው አካባቢ ይቀላቀላቸውና ሁሉም ጁባ ተብለው ወደ ሶማሊያ ይገባሉ። የገናሌ ዳዋ ተፋሰስ ከ170 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዋሽ ተፋሰስ እጅግ ይሰፋል። ከላይ በደጋው በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ ከታች በዶሎ 300 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የቆላው ሰው የሚጠጣውም የሚጠፋበትም ውኃ፥ ከፊሉ እርሱ ባላየው ሰማይ ሥር የዘነበ ነው።

የዝናቡም ወራት ከእኛ ይለያል። እዚህ ክረምት ሲገባ በዚያ ሰኔ፥ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ብርዳማ ናቸው። የቦረና አርብቶ አደር ዋናውን ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጠብቃል፤ ገንና ይለዋል። አነስተኛው ዝናብ ሃገያ በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይቆያል። ሶማሌው ጎረቤቱ እነዚህኑ ወራት ጉ እና ዴር ብሎ ይጠራቸዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲቀር ከብቱ ይከሳል፤ ሁለቱም ሲቀሩ ያልቃል።

ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ የከፋ ነበር። ሃገያ ቀረ፤ ገንና ቀረ፤ እንደገና ሃገያ፥ እንደገና ገንና፥ እንደገና ሃገያ ቀረ። አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ ባለፉት 40 ዓመታት አልታየም ተባለ። በቦረና ዞን ብቻ ከሚሊዮን በላይ ከብት አለቀ። የመቶ ላም ጌታ የነበረው ሰው በመንገድ ዳር ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከዚህ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሰማዩ ተከፈተ። የተጠማው ምድር ውኃውን መጠጣት አልቻለም፤ ገናሌና ዳዋ ሞልተው በዶሎ አዶና በዙሪያው መንደሮችን አጥለቀለቁ፤ መንገድ ተቆረጠ፤ ከድንበሩ ማዶም ዶሎውና ሉቅ በውኃ ተከበቡ። ድርቁ የተረፈውን ጥቂት ፍየል ጎርፉ ወሰደው።

ይህ ሁሉ ሳይታሰብ የመጣ ነበርን? አልነበረም። ድርቁ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ሦስት ዓመት ከቆየው ላ ኒኛ ጋር፥ ጎርፉም ከኤል ኒኞና ከሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት መዛባት ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ጠባይ ትንበያ ማዕከልም ሆነ የእኛው የሜቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በየወቅቱ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። በተለይ የሃገያ ዝናብ ከውቅያኖሶቹ ሙቀት ጋር ጥብቅ ዝምድና ስላለው ከገንና ይልቅ አስቀድሞ ለማወቅ ይመቻል። ታዲያ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው?

ጉድለቱ «ከተለመደው በላይ ዝናብ ይኖራል» በሚለው ቃልና «ነገ ሌሊት ወንዙ ከዚህ ዛፍ ሥር ይደርሳልና ልጆችህን ይዘህ ውጣ» በሚለው ቃል መካከል ነው። የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው የአየር ጠባይ ዐዋቂው ነው። ሁለተኛውን ሊናገር የሚገባው የውኃውን አካሄድ የሚያሰላው ሰው ነው፤ በቆላው ግን ይህ ሰው የለም ለማለት ያስደፍራል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

ሃይድሮሎጂ ላልተማረው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። የዘነበው ውኃ ከሦስት መንገድ አይወጣም፤ ወይ በወንዝ ይፈሳል፥ ወይ ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፥ ወይ ወደ መሬት ሰርጎ ይከማቻል። ሞዴል የሚባለው ይህን ሒሳብ ለእያንዳንዱ ቀንና ለእያንዳንዱ የመሬት ክፍል የሚሠራ ስሌት ነው። በስዊድን በርግስትሮም በፈረንጆች 1970ዎቹ ያወጣው ኤች ቢ ቪ፥ በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የተሠራው ስዋት፥ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት ሄክ ኤች ኤም ኤስ በየክፍላችን የሚታወቁ ናቸው። ሞዴሉ ግን ራሱን አያርምም። ስሌቱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ወንዙ በእውነት ከተለካ ነው። ያልተለካ ወንዝ ላይ የተሠራ ሞዴል ደረሰኝ እንደሌለው ሒሳብ ነው፤ መደመሩ ልክ ሊሆን ይችላል፥ ገንዘቡ ግን የት እንዳለ አይታወቅም።

ስለ መለካቱ ያየነውን እንናገር። ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከዚህች ጋዜጣ አዘጋጆች አንዱ ወደ ነጌሌ ቦረና ሄዶ ከዚያም ወደ ቆላው ወርዶ ነበር። በአንድ ወንዝ ዳር የውኃውን ከፍታ የሚመዘግቡ አንድ ሽማግሌ አገኘ። ሥራቸው ጧት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ወደ ወንዙ ወርደው በብረት ዘንግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ በደብተር ማስፈር ነው። ዘንጉ ሦስት ክፍል ነበረው፤ የላይኛውን ክፍል ጎርፍ ወስዶታል። ሽማግሌው ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ በአለት ላይ በቀለም ምልክት አድርገው በክንዳቸው እየለኩ ይጽፋሉ።

«አባቴ፥ ጎርፉ የመጣ ዕለት ስንት ጻፉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ልጄ፥ ወንዙ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ከሄደ እኔ ምን ልጻፍ? ጧት ስወርድ ጭቃውን አየሁ። በደብተሩ ላይ ግን የጭቃ ቦታ የለም» አሉት።

ደብተሩን በየሦስት ወሩ መጥቶ ይወስድ የነበረው ሰው ከዓመት በላይ እንዳልመጣና የሞሉ አራት ደብተሮች በሣጥናቸው ውስጥ እንዳሉም ነገሩት። ጓደኛችን ይህን ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ «የመኪና በጀት የለም» የሚል መልስ ተሰጠው። የወንዙን መረጃ በጽሑፍ ሲጠይቅም ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር አምስት ሳምንት ቆየ፤ በመጨረሻ የተሰጠው ሠንጠረዥ በግማሹ ባዶ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የነገርንህ ለማሳቅ አይደለም። የሽማግሌው ቃል ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ የሚበልጥ ቁም ነገር አለው። የቆላ ጎርፍ በጥቂት ሰዓት መጥቶ በጥቂት ሰዓት ያልፋል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚነበብ ዘንግ ለዓባይ ሊበቃ ይችላል፤ ለዳዋና ለገባሮቹ ግን አይበቃም። ከዚህም በላይ በዘንጉ ላይ የሚነበበው ከፍታ እንጂ የውኃው መጠን አይደለም። ከፍታውን ወደ መጠን ለመለወጥ አንድ ሰው በየጊዜው፥ በተለይም ወንዙ በሞላ ጊዜ፥ የፍሰት መለኪያ ይዞ ወርዶ መለካት አለበት። አሸዋማ ወንዝ ሥሩን በየጎርፉ ስለሚለውጥ ትናንት የተሠራው የከፍታና የመጠን ዝምድና ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተለካ ሳይሆን የተገመተ ነው።

የእኛም ጽሑፎች ከነቀፋ አያመልጡም። ናሽና ሰትክሊፍ የተባሉት ሊቃውንት በፈረንጆች 1970 ዓ.ም. ያወጡት መመዘኛ አለ፤ ስሌቱ ከተለካው ጋር ፍጹም ሲስማማ 1፥ ዝም ብሎ አማካዩን ከመናገር የማይሻል ሲሆን 0 ይሰጣል። ተማሪው የወር አማካይ ፍሰት ይዞ 0.7 ወይም 0.8 ካገኘ ደስ ብሎት ይመረቃል። ነገር ግን የወሩ አማካይ ያችን ሌሊት ይሸፍናታል። ሰው የሞተው በአማካዩ አይደለም፤ በዚያች ሌሊት ነው። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በአንድ ሌሊት ነበር፤ በሳምንቱም ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ጨረሰ። ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች አንዱንስ እንኳ የወር አማካይ ሊናገረው ይችል ነበርን?

አሁን ወደ ሌላ ነገር እንለፍ። ከተማሪዎች መካከል «የቆላው ሕዝብ ከእኛ ስሌት ምን ይጠቀማል? ቁጥር አያውቅ» የሚሉ አሉ። ይህ አለማወቅ ነው። በቦረና የጥልቅ ጉድጓዶች አስተዳደር ከተቋቋመ ብዙ ዘመኑ ነው። ዘጠኙ ቱላዎች ተብለው የሚጠሩት የጉድጓድ ሥፍራዎች አሉ፤ ወጣቶች ከሥር እስከ አፍ በደረጃ ተሰልፈው እየዘፈኑ ውኃውን በእጅ በእጅ ያወጡታል። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ባለቤት አባ ኮንፊ ይባላል። የማን ከብት በየትኛው ቀን፥ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ እየቆጠረ ተራ የሚያስይዘው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው፤ ትርጓሜው የቁጥር አባት ማለት ነው። ውኃው ሲያንስ አባ ሄሬጋ ተራውን ያራዝማል፤ ሲበዛ ያሳጥራል። የገባውን፥ የወጣውንና የቀረውን ያሰላል። ይህ የውኃ ሒሳብ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? አያንቱ የሚባሉት ሊቃውንትም ጨረቃን ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ የዘመን አቆጣጠሩን ይጠብቃሉ፤ አስመሮም ለገሠ በፈረንጆች 1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ በተጻፈው መጽሐፍ ይህን በሰፊው አስረድተዋል። እንግዲህ የቆላው ሰው የሚጠይቀን ቁጥር እንድናስተምረው አይደለም። እርሱ ከጉድጓዱ አፍ ሆኖ የማያየውን፥ ማለት ከባሌ ተራራና ከውቅያኖስ የሚመጣውን ቁጥር እንድንነግረው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። «ወንዙ ካልተለካ ጥናቱ አይቻልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መንግሥት ጣቢያ ይትከል፥ ከዚያ እኛ እንሄዳለን» ይላል። ይህ አባባል ከ20 ዓመት በፊት ቢነገር ይቅርታ ይደረግለት ነበር። የዓለም የሃይድሮሎጂ ሳይንስ ማኅበር ከ2003 እስከ 2012 በፈረንጆች አቆጣጠር ያሉትን አሥር ዓመታት ላልተለኩ ተፋሰሶች ትንበያ ሰጥቷቸው ነበር፤ ከተለካ ወንዝ የተማሩትን ወዳልተለካው የማሸጋገር ዘዴ በዚያ ጊዜ በብዙ ዳበረ። ዝናቡን ከሰማይ የሚከታተሉ ሳተላይቶች አሉ፤ ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መዝገብ ከ1981 በፈረንጆች ጀምሮ ያለውን ዝናብ ለመላው አፍሪካ ይዟል። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በ2000 በፈረንጆች መንኮራኩር ለክታዋለች። ግሬስ የተባሉት ጥንድ ሳተላይቶችም ከ2002 ጀምሮ የምድርን ስበት እየመዘኑ የከርሰ ምድር ውኃ መጨመርና መቀነስን በሰፊ አካባቢ አመልክተዋል፤ ሥራቸውን ዛሬ ተተኪዎቻቸው ይዘውታል። ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የሚጠይቀው የኢንተርኔት መሥመርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። «የጉግል መሐንዲሶች ሰው ሠራሽ አእምሮን አስተምረው በዓለም ሁሉ ያሉ ያልተለኩ ወንዞችን ጎርፍ መተንበይ ከጀመሩ እኛ ምን ቀረን?» የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ በ2024 በፈረንጆች ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናታቸው ይህን አሳይቷል፤ ሥራውም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ያ አእምሮ የተማረው ሌሎች ከለኳቸው ወንዞች ነው። በእኛ ቆላ ወንዙ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ውኃው በአሸዋ እየተዋጠና እየተነነ ይቀንሳል፤ ዳዋ በድርቅ ጊዜ እስከ መቋረጥ ይደርሳል። ይህን ጠባይ ከስዊድንም ከአሜሪካም ደጋ ወንዞች መማር አይቻልም። የተነገረው ትንበያ እውነት መሆኑን የሚመሰክረውም ወንዙ ዳር የቆመ ሰው ነው። መኪናው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ሽማግሌው በሣጥናቸው ያስቀመጧቸውን አራት ደብተሮች አላነበበም።

ይህን ሥራ ለሌላ ትተን መቀመጥ የማንችልበት ሌላም ምክንያት አለ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በአሜሪካ ገንዘብ የተቋቋመው ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ማስጠንቀቂያ ድርጅት በጥር 2017 ዓ.ም. በአንድ የውጭ አገር መንግሥት ውሳኔ በድንገት ሥራው ቆመ። በኋላ ተመልሶ ሥራ ቢጀምርም ትምህርቱ ቀርቷል። የራስን ሰማይ በሰው መስኮት የሚያይ ሰው መስኮቱ ሲዘጋ ይጨልምበታል።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የጁባና የሸበሌ ወንዞች ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከላይ ያለው ሰው ወንዙ መሙላቱን ካልተናገረ ከታች ያለው የሚያውቀው ውኃው ቤቱ ሲገባ ነው። በዶሎ አዶ አካባቢ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተመሠረቱ አምስት የስደተኞች መጠለያዎች አሉ። በወንዙ ላይም ሌላ ነገር ተጨምሯል፤ ቁመቱ 110 ሜትር የሆነውና 254 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ገናሌ ዳዋ ሦስተኛ ግድብ በጥር 2012 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ በታች ያለው ገናሌ እንግዲህ በዝናብ ብቻ የሚመራ ወንዝ አይደለም፤ በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋም ነው። ወደ ግድቡ ስንት ውኃ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መብራቱንም፥ ከታች ያለውን እርሻም፥ የጎርፉንም አደጋ አብሮ ማመዛዘን ይችላል። የማያውቅ ሰው ግን አንዱን ሲያድን ሌላውን ያጠፋል።

ትንበያ ወረቀት ላይ ብቻ እንደማይቀር ማስረጃ ይፈለግ እንደ ሆነ ከዚያው ከቦረና እናመጣለን። በ2004 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከኦሮሚያ ኢንሹራንስ ጋር ሆኖ በቦረና የከብት መድን ጀመረ። ሳተላይት የምድሩን ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ከተወሰነው ልክ ሲወርድ አርብቶ አደሩ ከብቱ ሞቶ ሬሳው ሳይቆጠር ገንዘብ ይከፈለዋል። መድኑ ጉድለት የለውም አንልም፤ ነገር ግን የተመራማሪ ቁጥር በአርብቶ አደር እጅ ገንዘብ ሆኖ ታይቷል። ለሣር ይህ ከተቻለ ለወንዝና ለኩሬ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ተማሪው ምን ያጥና? ርእስ ጠፋ ለሚል ሰው ከብዙው ጥቂቱን እንቁጠር። ዳዋ በአሸዋው ውስጥ በእያንዳንዱ አሥር ኪሎ ሜትር ስንት ውኃ ያጣል? በደጋው የዘነበ ዝናብ ዶሎ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ሃሮ የሚባሉት ኩሬዎች በስንት ዝናብ ይሞላሉ፥ ለስንት ከብትስ ስንት ቀን ይበቃሉ? የቱላ ጉድጓዶች ውኃ የሚተካው ከየትኛው ዝናብ ነው? የአየር ንብረት ሞዴሎች የገንና ዝናብ ይጨምራል ሲሉ በተግባር ለአሥርተ ዓመታት ሲቀንስ የታየው ለምን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የዓለም ሊቃውንት የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ብለው የሰየሙትና ገና የሚከራከሩበት ነው። የእኛ ተማሪ በዚህ ክርክር ውስጥ ተሰሚ ሊሆን የሚችለው ከማንም ይልቅ ለስፍራው የቀረበ ስለ ሆነ ነው።

የሚማርበትም ቦታ አልጠፋም። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ የአገሪቱን የውኃ መሐንዲሶች ሲያፈራ የኖረ፥ ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የውኃ አስተዳደር የልህቀት ማዕከል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪዎችን ይቀበላል። በውጭ አገርም በሆላንድ ዴልፍት ከ1957 በፈረንጆች ጀምሮ የታዳጊ አገሮችን የውኃ ባለሙያዎች የሚያሠለጥነው ተቋም፥ በአልጄሪያ ትለምሰን ያለው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃና የኃይል ሳይንስ ተቋምም አሉ። ዕድሉን ያገኘ ሁሉ ይሂድ፤ ግን ገናሌን በሻንጣው ይዞ ይሂድ። ዴልፍት ሄዶ የሆላንድን ቦይ አጥንቶ የሚመለስ ተማሪ ከአገሩ የተበደረውን አልከፈለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመምህራኖቻችንና ለአስተዳደሩ በአክብሮት እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የመስክ ሥራ ፈቃድ በክረምት ዕረፍት ብቻ መሆኑ ይቅር። የትምህርት ዘመናችን የተቆረጠው በደጋው ክረምት ልክ ነው። በሐምሌ ወደ ነጌሌ የሚሄድ ተማሪ ደረቅ ወራትን አይቶ ይመለሳል። ገንና በሚያዝያ፥ ሃገያ በጥቅምት ሲወርድ እርሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ጎርፍን የሚያጠና ሰው ጎርፍ ባለበት ወር ሊፈቀድለት ይገባል።

ሁለተኛ፤ በየመደርደሪያው አቧራ የሚጠጡት የመመረቂያ ጽሑፎች መረጃቸው ተለቅሞ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። አንዱ በብዙ ድካም ያገኘውን የፍሰት ሠንጠረዥ ሌላው እንደገና ደጅ ሲጠናበት ማየት ያሳፍራል። መረጃውን የያዙት መሥሪያ ቤቶችም ለተማሪ በተወሰነ ቀን መልስ እንዲሰጡ ዩኒቨርሲቲው ይነጋገርልን።

ሦስተኛ፤ ለአካባቢው የቀረቡት የቡሌ ሆራ፥ የቦረናና የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲዎች በአማካሪነት ይግቡበት። እኛ መኪና ተከራይተን ስንሄድ የሚያልቀው በጀት እነርሱ ዘንድ የአንድ ዓመት የወንዝ ልኬት ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ወረዳ የጸጥታ ችግር ሲነሣም ስፍራውን የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቃል።

አራተኛ፤ የወንዝ መዝጋቢዎች ስማቸው በጽሑፉ ይነሣ፥ የድካማቸውም ዋጋ ከጥናቱ በጀት ይታሰብ። በተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥሩን ዕለቱን መላክ ሲቻል ደብተር ሣጥን ውስጥ የሚያድርበት ምክንያት የለም።

አምስተኛ፤ ማንኛውም የትንበያ ጥናት ሲፈተን «ውጤቱን ለማን ነገርህ? በምን ቋንቋ?» የሚል ጥያቄ ይጨመርበት። በእንግሊዝኛ ተጽፎ አዲስ አበባ የቀረ ትንበያ ለዶሎ እናት ትንበያ አይደለም። በኦሮምኛና በሶማልኛ፥ በራዲዮና በገበያ ቀን፥ በአባ ሄሬጋና በአገር ሽማግሌ በኩል ካልደረሰ የተደከመበት በከንቱ ነው።

ለእናንተ ለጓደኞቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። ብዙዎች እያጉረመረሙ ሄዱ፤ አገራቸውን ዐውቀው ተመለሱ። በ1965 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያነሡት የረሃብ ፎቶግራፍ በግቢው በታየ ጊዜም የተደበቀው ነገር ተገለጠ። እነዚያ ሰዎች ሄደው ያዩት ያለቀውን ነበር። ለእኛ የተሰጠን ግን ከማለቁ በፊት የሚያይ መሣሪያ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለመሆን ሁለት ዲግሪ አያስፈልግም።

ማንም ሰው በግድ ወደ ቆላ ይሂድ አንልም። መንገዱ ረጅም፥ ፀሐዩ ብርቱ፥ የቀን አበሉ ጥቂት መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን አባቶቻችን «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም። የሚቀጥለው ድርቅ ወይም ጎርፍ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ልብስም እንሰበስባለን፤ በዚህችም ጋዜጣ የኀዘን ቃል እንጽፋለን። ከዚያ በፊት ግን የርእስ መመዝገቢያው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ሽማግሌው ነገ ጧት በ12 ሰዓት ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። አምስተኛው ደብተር ሳይሞላ ከመካከላችን አንድ ሰው ሄዶ ይቀበላቸው።